ሦስተኛው ፉርጎ

ኅዳር 17 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሸዋርጋ የቢራውን ቆርኪ ነቅላ ልትቀዳለት ጎንበስ ስትል ጉሉማ ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነው።

"መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው፣ አዴ ሸዋርጋ" አላት።

ጠላ የምታቀርብ ሴት በእንግዳዋ ፊት መቅመሷ የነበረ ነው። ከፊቱ የተከፈተን ጠርሙስ ቢራ፣ አረፋው ገና ሽቅብ እያለ፣ ቅመሺልኝ ያላት ሰው ግን ቡና ቤቷ፣ ባቡር ቤት፣ ከተከፈተ ጀምሮ አልነበረም። ከጉሉማ ደግሞ ጨርሶ አልጠበቀችውም። ባሏ የሞተ ጊዜ ከቀብሩ እስከ ሠልስቱ ከደጇ ያልተለየ ሰው ነው። ፊቱን አየችው። ከንፈሩ ደርቋል፤ በግራ እጁ ባርኔጣውን ጨምድዶ ይዟል። አልተከራከረችም። ሌላ ብርጭቆ አምጥታ ጥቂት ቀዳች፣ ቆማ ጠጣችው፣ ከዚያ የእሱን ሞላችለት።

"አሁን ተቀመጪ" አለ።

"ከእንግዳ ጋር እንደማልቀመጥ ያውቃሉ፣ ኦቦ ጉሉማ።"

"እንግዳ ሆኜ አልመጣሁም። ወንድሜን የሸጠው ሰው ያለው እዚህ ቤት ነው።"

ሸዋርጋ መጋረጃውን ሳበችና እዚያው ቆመች። ድምፁን አላነሳም። በዚያ ቤት ማንም ድምፁን አያነሳም።

ቤቱን እንዲህ አድርጎ የሠራው ባሏ አያሌው ነው። አያሌው ድሬዳዋ ላይ የባቡር ኮንትሮሎር፣ ትኬት ተቆጣጣሪ፣ ነበር። ሙቀቱ ልቡን ሲያደክመው ሐኪም ብርድ አገር ሂድ አለውና ሚስቱን ይዞ ጎባ ድረስ መጣ፤ ባቡሩን ግን ትቶ መምጣት አልሆነለትም። የተከራየውን ረጅምና ጠባብ ቤት በዝግባ ሳንቃ ከፋፍሎ በየክፍሉ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አስገባ። መደገፊያቸው ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ያልፋል። በየመግቢያው መጋረጃ ሰቀለ። በግድግዳው ላይ መስኮት አሳለ፤ ከመስኮቱ ውጪ ግራር፣ ግመል፣ የአዋሽ ድልድይ። አስተናጋጅ በጭብጨባ አይጠራም፤ ገመድ ሲሳብ ወጥ ቤቱ በር ላይ ያለች ትንሽ ደወል ታቃጭላለች። ግራሞፎን የለም። በጎባ ብርድ ቢራው በረዶ አያስፈልገውም፤ ከጓዳ እንደ ወጣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

ባቡር በሕልሙም ያላየው የጎባ ሰው ክፍሎቹን ፉርጎ አላቸው። "ፉርጎ የዕቃ ነው፣ የሰው አይደለም" እያለ አያሌው ሲከራከር ኖሮ ሲከራከር ሞተ። ደንበኞቹ ሲገቡ "ዛሬ የት ደረስን?" ይሏታል፤ እሷም እንደ ሰዓቱ "ሞጆ" ወይም "መተሐራ" ትላቸዋለች፤ የጠጡት በዝቶ እንደሆነ "ጅቡቲ ገብተዋል፣ ይውረዱ" ትላቸዋለች። ሽማግሌ የላከ ወንድ ከልጅቷ አጎት ጋር የሚነጋገረው እዚያ ነው። የተካሰሱ ሰዎች ፍርድ ቤት ከመግባታቸው በፊት የሚታረቁት እዚያ ነው። አስተማሪዎችም ስለ አለቃቸው የልባቸውን የሚያወሩት እዚያው ነው። ከጎሮ ማዶ ያለው ቆላ ከሸፈተ ወዲህ ግን ጎባ ሌላ ከተማ ሆናለች። መንግሥት ያስታጠቀው ነጭ ለባሽ በዝቷል፤ ሰው ሰላምታውን እንኳ አሳጥሯል። ባቡር ቤት ብቻ እንደ ድሮው ነበረ፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ።

ማክሰኞ ዕለት የጉሉማን ታናሽ ወንድም ጫሊን ከሚሠራበት ግብር ቤት ፖሊሶች ወሰዱት። ጫሊ እዚያ የመንግሥት ግብር የሚመዘግብ ጸሐፊ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ለአለቆቹ ለሕክምና ሮቤ እሄዳለሁ ብሎ ፈቃድ ጠይቆ የሄደው ግን ወደ እናቱ ነበር። እናታቸው ከጎሮ ማዶ፣ መንግሥት ሠራተኞቹ እንዳይረግጡት በከለከለው አገር፣ ታማ ተኝታ ነበር። መታመሟን የነገራቸው ለጉሉማ እህል የሚጭን ባለግመል ነው። ጫሊ ደረሰላት፤ ሁለት ቀን አስታመማት፤ ቀበራት። ተመልሶ መርዶውን ለጉሉማ የነገረው በዚሁ በሦስተኛው ፉርጎ ነበር። ጉሉማ ድምፁ እንዳይሰማ ባርኔጣውን ነክሶ አለቀሰ። ሸዋርጋ ያን ቀን መጋረጃውን ይዛ ውጪ ቆማ ነበር። ለቅሶ መቀመጥ አልቻሉም፤ ለቅሶ ቢቀመጡ ማን ነገራችሁ፣ ማን ቀበረ ይባላል። ጉሉማ በማግስቱ ሱቁን ከፍቶ ስንዴ ሰፈረ።

ሸዋርጋ ጫሊ ሲሄድም ታውቃለች፤ ሊሄድ ሲል ለሷም ነግሯት ነበር። ለምን እንደ ነገራት አልጠየቀችውም። እስኪመለስ ድረስ እንቅልፍ አልነበራትም፤ በሰላም ሲገባ የሚካኤል በዓል ደርሶ ነበርና የተሳለችውን ጥላ አስገባችና እፎይ አለች። በማግስቱ ያዙት።

"የፖሊስ ጣቢያው ዘበኛ ነግሮኛል" አለ ጉሉማ። "ሲጠይቁት 'ከጎሮ ማዶ ምን ስትሠራ ከረምክ' ነው የሚሉት። ከጎሮ ማዶ። ሮቤ አይደለም፣ ጊኒር አይደለም። ይህን ቃል እኔና እሱ የተነጋገርነው እዚህ ነው። ቢራ እያመላለሰች መጋረጃውን ስትከፍት ስትዘጋ የነበረችው ማን ናት?"

"ሰንበቴ ሦስት ዓመት ከኔ ጋር ኖራለች።"

"ወንድሟ ነጭ ለባሽ ነው።"

"ወንድሟን እሷ አልወለደችውም።"

"አንገቷ ላይ ያለውን ሻርፕ የገዛላትስ? የጣቢያው አሥር አለቃ ነው። ገበያው ሁሉ ያወራል፤ አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰማሽ።" ቢራውን ገና አልቀመሰውም። "ነገ ጠዋት ወደ ገሰራ የሚሄድ መኪና አለ። ሾፌሩ የኔ ሰው ነው። ዛሬ ጀንበር ስትጠልቅ ከነመኪናው ይዤው እመጣለሁ፤ ዕቃዋን አስጠቅልያት፣ እሱ ቤት አድራ ወደ ወላጆቿ ትሂድ።"

"ጆሮ ጠቢ ተብላ የተባረረች ልጅ በገሰራ መንገድ ላይ ምን እንደምትሆን ያውቃሉ።"

"አላውቅም" አለ ጉሉማ። "እኔ እህል ነው የምነግደው።"

ብርጭቆውን እንደ ሞላ ትቶት ወጣ።

ሸዋርጋ ብርጭቆውን አነሳች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገባች። ሰንበቴ የነቢያት ጾም ስለ ገባ ለማታ የሚቀርበውን ቆሎ እያበጠረች ነበር። ቀይ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማለች። ሸዋርጋ ያን ሻርፕ ሳምንቱን ሙሉ ስታየው ከርማ ዛሬ ገና ያየችው መሰላት።

"ሻርፑ ከየት ነው?"

"ከገበያ።"

"ማን ገዛልሽ?"

"አሥር አለቃው።" ሰንበቴ እጇን ከሰፌዱ አላነሳችም።

"ለምን ገዛልሽ?"

"እትዬ፣ ወንድ ለሴት ሻርፕ ለምን ይገዛል? ጉሮሮዬን አሞኝ ነዋ።"

በሌላ ቀን ቢሆን ሸዋርጋ ትስቅ ነበር። አሁን ግን ልጅቷ ቀልድ ያበዛችው ነገር ለመሸፈን መሰላት። ስለ ጫሊ ጠይቆሽ ያውቃል ወይ አለቻት። ሰንበቴ ጠይቆኝ አያውቅም አለች። እኔ ነኝ የጠየቅኩት፣ ከተያዘ በኋላ፣ ምንጩ ጋ አግኝቼው ምን አድርጎ ነው ብዬ ጠየቅኩት አለች።

"እሱስ ምን አለሽ?"

ሰንበቴ ሰፌዱን አስቀመጠች። "'ይህንንማ እመቤትሽን ጠይቂያት' አለኝ።"

ሸዋርጋ ደሟ ፈላ። የራሷን ጥፋት በእኔ ልታላክክ ነው አለች በልቧ። ሰንበቴን ወደ ሦስተኛው ፉርጎ ወስዳ አስቀመጠቻትና ደንበኛ እንደሚያወራው ቀስ ብለሽ አውሪ አለቻት። ምን ላውራ ብትላት፣ የመጣልሽን አለቻት። እሷ ሁለተኛው ፉርጎ ገብታ ጆሮዋን ከሳንቃው አስጠጋች። የሚሰማው እንደ ንብ የሚያንሾካሹክ ነገር ብቻ ነው፤ አንድም ቃል አይለይም። አያሌው ሳንቃውን ድርብ አድርጎ ነው ያሠራው። ወደ አንደኛው ሄደች፤ እዚያ ደግሞ ሹክሹክታውም ጠፋ። ስለዚህ የሰማ ሰው ካለ መጋረጃው ሥር የቆመ ነው። መጋረጃው ሥር የሚቆመው ደግሞ ቢራ የሚያመላልስ ብቻ ነው።

ተመልሳ ስትመጣ ሰንበቴ እንባዋ መጥቶ ነበር። ምን ስታወሪ ነበር አለቻት።

"አውሪ ሲሉኝ እንደተጠረጠርኩ ገባኝ። ስለዚያው ነው ያወራሁት" አለች ሰንበቴ። "ቢያባርሩኝም ገሰራ አልመለስም፣ እትዬ። ወንድሜ መሣሪያ ከያዘ ጀምሮ የዚያ አገር ሰው እኛን በምን ዓይን እንደሚያየን ያውቃሉ። እናቴን እንኳ ለማየት የምሄደው ቀን ጠብቄ፣ ሰው ተከትዬ ነው።"

ሸዋርጋ ዓይኗን ከሻርፑ ላይ አነሳች። ዕቃሽን ጠቅልይ ማለት ግን አላቃታትም። አለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዳቢሴ መጣና እንደ ልማዱ አንደኛው ፉርጎ ገባ። ዳቢሴ ከወለጋ የመጣ ድሬሰር ነው፤ ሃኪም ቤት መሥራት ከጀመረ ስድስት ወር አልሞላውም። የሚስዮን ልጅ ነውና ቢራ አይጠጣም። አንድ አምቦ ውሃ ያዝዛል፤ ብቻውን፣ የተሳለውን ግመል እያየ፣ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ይሄዳል። ደንበኞቹ ከሱ አጠገብ ያለውን ክፍል መሸሽ የጀመሩት ጫሊ ከመያዙም በፊት ነው። ሸዋርጋ አምቦ ውሃውን ራሷ ይዛ ገባች፤ ከቤቱ ወግ ውጪም ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ልጅቷን በመኪና ከመስደዷ በፊት ይህንን ሰውም ሳትጠይቅ እንዳትቀር ነበር።

"ቢራ የማይጠጣ ሰው ቢራ ቤት ምን ይሠራል?" አለችው።

"ዝም ይላል" አለ ዳቢሴ። "የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ የልጅ መዓት ነው። ቀን ሙሉ ደግሞ ሰው ሲጮኽብኝ እውላለሁ፤ መርፌ የሚወድ የለም።"

"ሰዉ ጆሮ ጠቢ ነው ይልዎታል።"

"አውቃለሁ። ታማሚዎቼ ስለ ሆዳቸው እንኳ እውነቱን አይነግሩኝም።" ፈገግ ሊል ፈልጎ ተወው። ብርጭቆውን ወደ ጎን አደረገና ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። "ወይዘሮ ሸዋርጋ፣ ስለ ጫሊ ከሆነ የመጡት፣ እኔም ልነግርዎት ፈልጌ ሁለት ቀን አመንትቻለሁ። ሐሙስ ዕለት እግሩን እንዳክም ጣቢያ ጠርተውኝ ነበር። ውስጥ እግሩን።"

ሸዋርጋ መጋረጃውን ሳበችው።

"ቆሜ እያለሁ ነው የጠየቁት። የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ 'ሴትየዋ ጥላ እስክታስገባልህ ድረስ ከጎሮ ማዶ ምን ስትሠራ ከረምክ' ይሉታል። መጀመሪያ አልገባኝም። እኛ ዘንድ ስለት የሚባል ነገር የለም። በኋላ አብሮኝ የሚሠራውን ሰው ብጠይቀው አስረዳኝ።"

ሸዋርጋ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች።

የሚካኤል ዕለት፣ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ ስለት አስነጋሪው ደንጊያው ላይ ወጥቶ ነበር። ጧፍ ያስገባ አለ፣ መጋረጃ ያስገባ አለ። የእሷ ተራ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ስለ ምን ነው የተሳሉት አላት። የጫሊን ስም ከአፏ አላወጣችም፤ ያን ያህል ጠንቃቃ ነበረች። አገሩን ግን ጠየቃት። ሮቤ ለማለት አፏን ከፍታ ነበር። ከታቦት ፊት ቆሞ፣ በደረሰ ስለት ላይ፣ እንዴት ይዋሻል? መልአኩ ያወጣው ከጎሮ ማዶ ነው፤ ከሮቤ ነው ብትል ምስጋናው ለማን ይሆናል? እውነቱን ነገረችው። እሱም ጥላውን ዘርግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ወይዘሮ ሸዋርጋ ከጎሮ ማዶ ሄዶ የነበረ ወዳጃቸው በሰላም ስለ ገባላቸው፣ እልል በሉ አለ። ሕዝቡም እልል አለ። ሴቶቹ "ወዳጃቸው" ሲባል ተያይተው ፈገግ ማለታቸውን አይታ ነበር፤ ደስ ብሏት ስለ ነበር ግድ አልሰጣትም። በዚያ ሰሞን ከጎባ ጠፍቶ የተመለሰ፣ እሷ ቤት የሚያዘወትር ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጆሮ ጠቢ አያስፈልግም። የቆመ ሁሉ ሰምቷል።

"እናቱን ሊቀብር እንደሄደ ለምን አይነግራቸውም?" አለች፤ ድምፁ የሷ አልመሰላትም።

"ነግሯቸዋል። አላመኑትም።" ዳቢሴ ዓይኑን ከግመሉ ላይ አላነሳም። "'እናትህ ሞታ ወንድምህ ሱቅ ከፍቶ ስንዴ ይሰፍራል? ለቅሶው የታለ?' አሉት። ለሽፍቶቹ የግብር ቤቱን ወሬ አድርሰህ ነው ይሉታል። ሰኞ ወደ ላይ ሊያሳልፉት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላውቅም።" አምቦ ውሃውን ጠጣ። "ከእኔ የሚወጣ ነገር የለም። ለማንም አልናገርም።"

ያን ያለው ለደግነት ነው። ሸዋርጋ ግን እዚያው ቁጭ ብላ ያን ቃል ለረጅም ጊዜ ስታገላብጠው ቆየች። የማይናገር ሰው ነው። ሌላ ማንም ጥላውንና እስራቱን አላገናኘም። ሰንበቴ ዕቃዋን ጠቅልላለች። መኪናው ነገ ይሄዳል፤ ልጅቷ ከሄደች ጥርጣሬውም አብሯት ይሄዳል፤ ደንበኛው ይመለሳል፤ ቤቱ ይተርፋል። ምናልባት መንገድ ላይ ማንም አያገኛትም። ምናልባት። አያሌው የተወላት ሀብት ይህ ቤት ብቻ ነው። ጉሉማ ደግሞ እውነቱን ቢያውቅ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም፤ ከጎሮ ማዶ ያሉት ዘመዶቹ ምን እንደሚያደርጉ ግን ትገምታለች።

ጀንበር ስትጠልቅ ጉሉማ መጣ። ሰንበቴ ፋኖሶቹን ለኩሳ ጨርሳ፣ ቀይ ሻርፗን ሳታወልቅ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የዕቃ ጥቅሏን ወጥ ቤቱ በር ላይ አስቀምጣ ቆማለች። በሁለተኛው ፉርጎ ሁለት አስተማሪዎች ነበሩ፤ በአራተኛው የሚታረቁ ባልና ሚስት ከሽማግሌያቸው ጋር። ጉሉማ ወደ ሦስተኛው አልገባም። ባርኔጣውን እንዳደረገ በመተላለፊያው ላይ ቆመና ልጅቷን በዓይኑ ለካት።

"ተዘጋጅታለች" አለ፤ ለሸዋርጋ።

"እሷ አይደለችም" አለች ሸዋርጋ።

"በቀስታ ተናገሪ።"

"በቀስታ መናገሩ ነው እዚህ ያደረሰን። እሷ አይደለችም፣ ኦቦ ጉሉማ። ጫሊን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።"

በሁለተኛው ፉርጎ ወሬው ቆመ። የአንዱ መጋረጃ ጫፍ ተነሳ። ባቡር ቤት በተከፈተ በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ በዚያ መተላለፊያ ተሰምቶ አያውቅም። ሸዋርጋ ቆማ ነገረችው፤ ስለቱን፣ አስነጋሪው የጠየቃትን፣ የመለሰችውን፣ ጥላው ተዘርግቶ የተባለውን። ጣቢያ ውስጥ የሚጠይቁት በዚያው በጥላው መሆኑንም ነገረችው፤ ማን እንደ ነገራት ግን አላነሳችም። ስትናገር አላለቀሰችም። እንባ ቢመጣ ለራሷ እንዳዘነች ይመስልባታል ብላ ያዘችው።

ጉሉማ እጁን ወደ ሳንቃው ሰደደና ተደገፈ። ይመታኛል ብላ ጠበቀች። ሰንበቴም ያንኑ አስባ ነው መሰል አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች።

"ያን ዕለት እዚያ ነበርኩ" አለ ጉሉማ በመጨረሻ። "ከአስነጋሪው ከአራት ሰው በኋላ ነበር የቆምኩት። ጥላውን አይቼዋለሁ። ከጎሮ ማዶ ሲል ሰምቼዋለሁ።" ባርኔጣውን አወለቀ። "እኔም እልል ብያለሁ። ለማን እንደሆነ አውቄ፣ ደስ ብሎኝ፣ እልል ብያለሁ።"

ሽማግሌው ከአራተኛው ፉርጎ ራሱን ብቅ አድርጎ መልሶ ገባ።

"የሚያምኑት ለቅሶውን ሲያዩ ነው" አለች ሸዋርጋ። "'እናቱ ሞታ ወንድሙ እንዴት ስንዴ ይሰፍራል' ነው የሚሉት። ሰኞ ሊያሳልፉት ነው።"

"ለቅሶ ብቀመጥ ማን አረዳህ ይሉኛል።"

"ይሉዎታል።"

"የባለግመሉን ስም አምጣ ይሉኛል። አልሰጣቸውም። እኔንም ያስገቡኛል።"

"ያስገቡዎት ይሆናል።"

ጉሉማ ባርኔጣውን በእጁ ላይ ሲያዞረው ቆየ። ከሱቁ የመጣ የስንዴ ብናኝ አሁንም ጠርዙ ላይ አለ። ውጪ የሾፌሩ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ያጓራል። ጉሉማ ወደ በሩ ሄደና ለሾፌሩ በኦሮምኛ ሂድ፣ የሚጫን የለም አለው። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር፤ ጉንጩ እንደ ሽማግሌ ረግቧል።

"ቤቴ ጠባብ ነው" አለ።

ሸዋርጋ ገባት። ወደ ጓዳ ሄዳ አያሌው ወንበሮቹን ያሰረበትን የብሎን መፍቻ አመጣች። አስተማሪዎቹ ሳይጠሩ መጋረጃቸውን ገልጠው ወጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መጀመሪያ የሦስተኛውን ፉርጎ አግዳሚዎች ፈቱ። ሁለቱ ሰዎች አንዱን ወንበር ተሸክመው በመተላለፊያው ሲያልፉ ሰንበቴ ለማሳለፍ ጥቅሏን አነሳች። ሸዋርጋ ወደ እድሩ ጥሩምባ ነፊ ቤት ሂጂ አለቻት። የጉሉማና የጫሊ እናት አርፋለች፣ ለቅሶው ባቡር ቤት ደጅ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን ንፋ በዪው፤ ከዚያ በየቤቱ እየዞርሽ ተናገሪ አለቻት።

ሰንበቴ አልተንቀሳቀሰችም። ጉሉማን ታየው ነበር።

"ሂጂልኝ፣ ኢንተላ ኮ" አላት ጉሉማ።

"እኔ የእርስዎ ልጅ አይደለሁም" አለች ሰንበቴ። "ዛሬ ጠዋት ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ምናልባት።" ነጠላዋን አዘቅዝቃ አደገደገች። "እናትዎ ግን ምንም አላደረጉኝም።"

ወጣች። ድምፅዋ ከመንገዱ ማዶ፣ ከመጀመሪያው ደጃፍ፣ ጮክ ብሎ ተሰማ።

የጎባ ሰው ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። ጉሉማን ሰኞ ከለቅሶው ላይ ወሰዱት፤ የባለግመሉን ስም ስላልሰጣቸው እስከ ፋሲካ አቆዩት። ለቅሶውን አይተው ወደ ላይ ያላሳለፉት ጫሊ በጥር ተፈታ፤ ወደ ግብር ቤቱ ግን አልመለሱትም። ሸዋርጋን ማንም ጠርቶ አልጠየቃትም።